ድንቹን ሳልቀምስ የመለስኩበት ምክንያት

ለተከበሩ በሮተርዳም ዙይድ የሰፈራችን የአረጋውያን ምግብ አዳይ ወጥ ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ ይብዛ፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ የሚጎርሱትንም ሁልጊዜ የሚያውቁ ያድርግዎ። እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፣ በሜትሮ ወንዙን ተሻግሬ አስቀድሳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሕፈቴን ይታገሡኝ። የልጅ ልጄ ሐምራዊት በሆላንድኛ ትገለብጥልዎታለች፤ እርስዎ በማላውቀው ቋንቋ ስለጻፉልኝ እኔም በራሴው ቋንቋ መጻፌ ድፍረት አይሆንብኝም።

1ኛ. የምግብ ዝርዝራችንን የእንግሊዝ አገር አራዳ በሚጠራበት ስም ስላሳመሩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። «ስፐድስ»፣ «ሳርኒ»፣ «ባንገርስ» ይላል። ሄግ በእንግሊዝኛ የምትማረው ሐምራዊት እንኳ አገላብጣ አይታ፣ አባባ እኔም አላውቀውም፣ ዝም ብለህ ብላ አለችኝ።

2ኛ. ዝም ብዬ አልበላም፤ ሁዳዴ ነው። ሥጋም ቅቤም አልቀምስም። ስለዚህ ስፐድስ የተባለውን አራት ቀን ክዳኑን ሳልከፍት መለስኩ። ኋላ ስሰማ ለካ ድንች ኖሯል! በጨው የተቀቀለ ድንች! ሠላሳ ዓመት ከገበያ በገዛሁበት ስም፣ በሆላንድኛው «አርዳፕል» ቢሉኝ ምን ነበረበት?

3ኛ. በአምስተኛው ቀን ሳርኒ መጣ። ዳቦ ነው ብዬ አምኜ ጎረስኩ፤ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ነበር። ጾም ባይሆንስ እኔ አሳማ መቼ በልቼ አውቃለሁ? ባለቤቴ ማናለብሽ በሞተች ሰሞን እንኳ ያልገደፍኩትን ጾም በደግነትዎ አስገደፉኝ።

4ኛ. ከዚያ ወዲያ የመጣውን ሁሉ ስመልስ፣ ምንድን ነው የቸገረዎት ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይልቁንም ለማዘጋጃ ቤቱ የአረጋውያን እንክብካቤ ቢሮ «ምግብ እምቢ ይላሉ፣ አእምሯቸው ደክሟል፣ ብቻቸውን መኖር አይችሉም» ብለው ስለ ጻፉልኝ፣ ሐሙስ አንዲት ባለሙያ ቤቴን ለቅቄ መጦሪያ እንድገባ ልትወስን ትመጣለች። ስሙን የደበቁትን ምግብ አለመብላት በሽታ መሆኑን ስላስተማሩኝ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ እነሣለሁ፤

አእምሮው ያልደከመ ተመጋቢዎ፣
አበጋዝ ሽባባው

ማስታወሻ፦ ዕዳዎቼን ራሴ እከፍላለሁ። ለንስሐ አባቴ፣ የገደፍኩትን። ምግቡን ደረጃ ወጥቶ ለሚያደርስልኝ ለብዙነህ፣ ልፋቱን ንቄ እንዳልመለስኩበት የምነግርበት ይቅርታ። ለማናለብሽ፣ ከዚህ ቤት በሬሳ ሣጥን እንጂ አልወጣም ብዬ የገባሁላትን ቃል። «አእምሯቸው ደክሟል» የሚለውን ከሐሙስ በፊት መሰረዝ ግን የእኔ ዕዳ አይደለም።