ያለ ጥፋቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለታሰረው የስፌት መኪና

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣ የቤታችን የመብራት ጉዳይ መርማሪ፣ ዐቃቤ ሕግና ዳኛ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ በጨለማ ስንጋጭ ጉልበታችን ከመላላጡ በስተቀር ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ የብሬከሩ ሣጥን ክዳን ላይ የለጠፍኩት ከቤተሰቡ አንድም ሰው ሳያነበው እንዳያልፍ ብዬ ነው፤ በቀን ስንቴ እዚህ እንደምንመላለስ እርስዎም ያውቃሉ።

አንደኛ፣ ብሬከሩ በወረደ ቁጥር ስለሰጡን ፈጣን ፍርድ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። መጀመሪያ የእኔ ቻርጀር ተወንጅሎ ተነቀለ፤ መብራቱ ጠፋ። ቀጥሎ የእማዬ ካውያ ታገደ፤ መብራቱ ጠፋ። በመጨረሻ «ይኼ መኪና ነው ጉድ የሚሠራን!» ብለው የእህቴን የስፌት መኪና ቁም ሣጥንዎ ውስጥ ቆለፉበት። መብራቱ አሁንም ይጠፋል፤ ፍርዱ ግን እንደጸና ነው። ቅዳሜ የምታገባው ደንበኛዋ ቀሚሷ ገና አንድ እጅጌ ብቻ እንዳለው አልሰማችም። እህቴም መቀመጥ አቅቷት ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ትመላለሳለች፤ ይህችን ሙሽራ ካሳፈረች ሌላ ደጇን የሚረግጥ እንደሌለ ታውቀዋለች።

ሁለተኛ፣ አክስቴን ሊጠይቁ ሄደው ሁለት ቀን ስላሳረፉን እናመሰግናለን። ቻርጀሩም፣ ካውያውም፣ ቴሌቪዥኑም አንድ ላይ ሲሠሩ ዋሉ፤ ብሬከሩ ንቅንቅ አላለም። ተመልሰው ገቡ፣ «ማነው ይህን ሁሉ የሰካው?» አሉ፣ የሳሎኑን በር ወርውረው ዘጉት፤ መብራቱም ድርግም። በማግስቱ እርስዎ ሥራ ሲገቡ ሁሉንም ነቅዬ በሩን ልክ እንደ እርስዎ አድርጌ ወረወርኩት። ጠፋ!

ሦስተኛ፣ ከአለቃዎ ጋር ሲጨባበጡ የተነሡትን፣ በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ፎቶ አወረድኩት። «እኔ እያለሁ ባለሙያ ምን ያደርጋል?» ብለው በገዛ እጅዎ የመቱት ያ ረጅም ሚስማር ዙሪያው ጠቁሮ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈውን የመብራት ገመድ ወግቶታል፤ በሩ ሲናጋ እሱም ይነቃነቅና ሽቦ ከሽቦ ያገናኛል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ይቆጣሉ፣ ሲቆጡ በር ይወረውራሉ፣ በር ሲወረውሩ መብራት ይጠፋል። ሥራዎን እንዲህ ያለማቋረጥ በማከናወንዎ ኮርተንብዎታል።

አባዬ፣ ቀልዱን ልተወውና፣ ያ ግድግዳ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የሳሎኑን መስመር አጥፍቼዋለሁ፤ እባክዎ እንዳይመልሱት። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ግን ዛሬውኑ ለእህቴ በእጅዎ ይስጧት፤ መኝታ ቤት ሆና ትሰፋለች። ይቅርታ ማለቱ ከከበደዎ ቁልፉ ብቻውን ይበቃታል።

በጨለማም በብርሃንም ታዛዥዎ፣
ታናሽ ልጅዎና የተከሳሾቹ ሁሉ ጠበቃ

ማሳሰቢያ፦ እማዬ የጠራችው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነገ ጠዋት ይመጣል። ሚስማሩን ማን እንደመታው ቢጠይቅ፣ ከእኛ በፊት እዚህ የኖረ ሰው ነው ልንለው ተስማምተናል። እርስዎ ብቻ አጠገቡ ቆመው ሚስማር አመታት እንዳያስተምሩት፣ አደራ።