የእናታችን የግድግዳ ድርሻ

ለእህቴ ለኡፌሊያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ወገብሽን ተሻለሽ? ባልሽ ኤልፊዶ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የዴንቨር ብርድ ለቀቃችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ከዓይኗ መጥፋት በቀር ደህና ናት። እኔን ግን ቅናት ሊገድለኝ ነው፤ የምቀናውም ባንቺ ነው። ከምደብቅሽ ብነግርሽ ይሻለኛል።

ሲሚንቶውን ከቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ማንሳታችንን ሰምተሻል። ኒው ሜክሲኮ በስፔን ንጉሥ ሥር ሳለች አባቶቻችን በጭቃ ጡብ ሠሩት፤ ሴቶቹ ደግሞ በየዓመቱ ጭቃና ጭድ እየመረጉ አቆዩት። ስፔን ሄደ፣ ሜክሲኮ መጣ፣ አሜሪካ መጣ፣ ቤቱ ንቅንቅ አላለም። ኋላ እኛ ኮረዶች ሳለን ወንዶቹ "ከእንግዲህ የሴት ምርጊት ቀረ" ብለው በሲሚንቶ ለሰኑት። እማዬ "ኧረ ውሃው ገብቶ መውጫ ያጣል!" ብትል ማን ሰማት? ዘንድሮ ሲሚንቶው ሲነሳ ጡቡ ረጥቦ በእጅ ይዛቅ ነበር። ወንዶቹም የፈረሰውን በአዲስ ጡብ ተኩ፣ አፋቸውንም ዘጉ።

እናም ምርጊቱ ተመለሰ። እንደ ጥንቱ እያንዳንዱ ቤት የእናቱን የግድግዳ ድርሻ ይመርጋል። የኛ ከበሩ በስተቀኝ ያለው ነው። ጎረቤታችን ዶና ሶስቴና ጭቃ በያዘ እጇ እየጠቆመችኝ "ቤኒታ፣ አንቺ ውሃሽን አመላልሺ፤ ለማለስለሱ እህትሽ ትጠራ" አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ድሮም እማዬ ማለስለሻውን አጎዛ ላንቺ፣ ባልዲውን ለኔ ነበር የምትሰጠው። አንቺ አግብተሽ ሄድሽ፣ እኔ እማዬን እያጠብኩ እያጎረስኩ ቀረሁ። ዛሬም የሚወደሰው ያንቺ እጅ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ።

እልህ ያዘኝ። አፈሩን ነፋሁ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ራሴ አቦካሁ፣ መረግሁት፣ በእርጥብ የበግ አጎዛ እያሸሁ አለሰለስኩት። መዳፌ ተልጧል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በፊት እማዬን መርቼ ወሰድኩና እጇን ግድግዳው ላይ አኖርኩላት። ዳበሰችው፣ ደግማ ዳበሰችው፣ ፊቷ በራ።

"ኡፌሊያ መጣች እንዴ?" አለች።

"የለም እማዬ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት" አልኳት።

ጉንጬን ዳሰስ አድርጋ "ተይ ልጄ፣ በእህት አይቀናም" አለችኝ። ዶና ሶስቴና ሳትቀር ብትመሰክርልኝ እኔን ለማጽናናት መሰላት። እንዲህ አንጀቴ ተቃጥሎ አያውቅም፣ ኡፌሊያ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ "ምነው ልጄ መጥታ ሳትስመኝ ሄደች?" እያለች ታለቅሳለች።

እባክሽ ስልክ ደውይና እንዳልመጣሽ ንገሪያት። ያንቺን ቃል ታምናለች።

ኤልፊዶን ሰላም በይልኝ። ማርሴላንና ትንሹን ቶቢያስን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለአማትሽም እጅ ነስቻለሁ። አንቺም ትናፍቂኛለሽ፤ ግን ለእማዬ ሳትደውዪላት እንዳትመጪ።

እህትሽ ቤኒታ

ሎስ ሬታሞስ፣ ኒው ሜክሲኮ
ጁን 3 ቀን 1984