ጥላዬ አሳበቀብኝ

መስከረም 14፣ ረቡዕ

ለመስቀል የመጣችው እህቴ ብርቅነሽ የምትሠራው በጦሩ የመረጃ ክፍል ነው። ላሞኛት ብዬ ጉብሬ መንገድ ዳር የተነሳሁትን ፎቶ "ቡታጅራ ነኝ፣ አትጠብቂኝ" ብዬ ላክሁላት።

ወዲያው ደወለች። "አንተ ቀልማዳ! ኮረብታው የጉብሬ ነው። ጥላህ ደግሞ ሦስት ሰዓት ገደማ ይላል።"

ወይ ጉድ! ጥላዬም ያሳብቃል?

"ከኋላህ የሚያልፉት የወታደር መኪኖች ናቸው። ለጥፈኸዋል እንዴ?"

"ቲክቶክ ላይ…"

"አጥፋው! ወታደሩ ወንድማችን አንዱ ላይ ተሳፍሯል። ድሮ ጦሩ የትና መቼ እንደሚያልፍ ለማወቅ ሰላይ በእግሩ ይኳትን ነበር፤ አሁን እንዳንተ ያለው ቀልደኛ በነጻ ያቀብላል። የእኛም ሥራ ተለውጦ ሰው ስልኩ ላይ የለጠፈውን ማሰስ ሆኗል።"

አጠፋሁት። አንድ የማላውቀው ሰው ግን ቀደም ብሎ ከፎቶው ሥር "የት ነው?" ብሎኝ፣ "ቡታጅራ" ብዬዋለሁ። ውሸቴን ባመነልኝ! ግን እሱስ እንደ እህቴ ኮረብታውንና ጥላዬን አይቶ ይሆን?