ላሞቹ ሜዳው ላይ ሳሉ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ካፒቴንን ልገድላቸው ነበር።

የቡና እርሻው ትንሿ አውሮፕላን ቴፒ ደርሳ ስትመለስ፣ ማረፊያ ሜዳው ላይ ከብት አለመኖሩን ለአብራሪው ለካፒቴን በእጅ ሬድዮ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ትላንት ሬድዮዋን ዝናብ መታብኝ። ፈራሁና ለማንም ሳልናገር የቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ፣ ከቡናው ጋር ፀሐይ አሞቅኳት። ዛሬ ስከፍታት ጮኸች፣ ዳነች ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ የካፒቴን ድምፅ መጣ። «ብርቄ፣ ልውረድ?» አምስት ላሞች መሃል ሜዳ ቆመዋል! «አትውረድ! ላም አለ!» ብዬ ጮህኩ፣ ካፒቴንን አንተ አልኳቸው። እሳቸው ግን «ብርቄ! ተኝተሻል እንዴ? በቃ ዝቅ ብዬ አየዋለሁ» ይሉኛል። እኔ እሰማቸዋለሁ፣ እሳቸው አይሰሙኝም። የቡናውን ሸራ ገፍፌ እያውለበለብኩ ሮጥኩ። አናቴን ሊነኩኝ ምንም ሳይቀራቸው ቀና ብለው አለፉ።

ላሞቹን አባረርኩና ካፒቴን ወረዱ። ይገድሉኛል ስል «ጎበዝ ልጅ! ጥፋቱ የኔ ነው፤ በርካሽ ብዬ ያገለገለ ሬድዮ አውሮፕላኑ ላይ አስገጠምኩ፣ ደንቁሯል» ብለው ምንም ያልሆነውን የአውሮፕላኑን ሬድዮ መፍታት ጀመሩ። «መፍቻውን አቀብይኝ» አሉኝ። አቀበልኳቸው።

ነገም ይበራሉ። ሜዳው ዳር የምቆመው እኔ ነኝ፣ የምይዘውም ያቺኑ ዝናብ የመታትን ሬድዮ ነው። ብናገር ያባርሩኛል። ባልናገርስ? ነገም ላም ቢገባስ?

አሁንም አውሮፕላኑ ውስጥ ናቸው፣ ሲፈቱ ይሰማኛል። ሦስቴ ልነግራቸው ተነሳሁ፣ ሦስቴም ተመልሼ ተቀመጥኩ። ይሄን የምጽፈውም ላለመሄድ ነው መሰለኝ።