ቆጣሪው የማይቆጥረው ኮረንቲ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? አክስቴን ስለ አንተ ስጠይቃት «የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ ጠግኖ ጨርሶ፣ አሁን ደህናውን መፍታት ጀምሯል» ብላ አሳቀችኝ። ይህን ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጤናህን ብቻ ጠይቄ ዘጋሁት። በጽሑፍ ይሻለኛል።

ኤሌክትሪኩን ትይዝበት በነበረው እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ የተናገርኩህን አልረሳሁትም። ዋናው ኬብል ስለሚሞቅ ይቀየር፣ እስከዚያ ማሽኖቹ አንድ ላይ አይነሱ ብለህ ነበር። ባለቤቱ ወጪው ከበደውና እኔን ጠራኝ። ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና አራት ወር ነበር። ሞተሮቹ ላይ የተጻፈውን ዋት ደምሬ፣ በቮልቱ አካፍዬ፣ ሠላሳ ስድስት አምፔር አገኘሁ። ኬብሉ ሃምሳ ይችላል። አንተ መለኪያህን ኬብሉ ላይ አድርገህ «ስልሳ አንድ ይላል፤ ነይ እዪው» አልከኝ። አልመጣሁም። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «መለኪያህ አርጅቷል፣ አባዬ» አልኩህ። በሳምንቱ ሥራውን ለቀቅክ። ቦታህን ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም ተቀበልኩ።

ባለፈው ወር፣ መጋዝ ላይ የሚሠሩት «ቀስ በሉ» የምንላቸው ሰውዬ መጥተው «ልጄ፣ የኮረንቲው ሳጥን ይሸታል» አሉኝ። ስከፍተው የኬብሉ ልባስ እንደ ሰም ለስልሷል። አዲሱን መለኪያዬን አደረግኩበት። ስልሳ አንድ። ያንተው ቁጥር።

መጀመሪያ የተሰማኝ ሐፍረት ነው ብልህ እዋሽሃለሁ። መጀመሪያ የገረመኝ ሌላ ነው፤ ትርፉ ኮረንቲ የት ይገባል? ማሽኖቹ አይበሉትም፣ ቆጣሪውም አያውቀውም። በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ የመጋዙን ቀበቶ ፈትቼ ሞተሩን ባዶውን አስነሳሁት። ምንም አይቆርጥም። የቆጣሪው ተሽከርካሪ ሳህን ከመቆም አይሻልም፤ መለኪያው ግን ሥራ ላይ ሲሆን ከሚያሳየው ግማሽ ያህሉን ያሳያል። ምሳዬን ረስቼ አራት ጊዜ አጠፋሁት፣ አራት ጊዜ አበራሁት።

ያኔ ገባኝ። የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ማግኔት ለመሆን ኃይል ይወስዳል፤ ኮረንቲው አቅጣጫውን ሲቀይር ደግሞ የወሰደውን ይመልሳል። በየሴኮንዱ ስንት ጊዜ ይወስዳል፣ ይመልሳል። የተመለሰ ስለሆነ ቆጣሪው አይቆጥረውም። ሽቦው ግን ሲሄድም ሲመለስም ይሸከመዋል፣ በዚያም ይሞቃል። እኔ የደመርኩት እንጨት የሚቆርጠውን ኃይል ብቻ ነበር። አባዬ፣ ይህን እኮ ተምሬዋለሁ። ፈተናውንም አልፌበታለሁ። ወረቀት ላይ አውቀው ነበር፤ አንተ ኬብሉን በእጅህ ዳስሰህ ስትነግረኝ ግን ያው ነገር መሆኑን አላወቅኩም።

ኬብሉን አስቀየርኩ። ሞተሮቹ አጠገብም ያንን የሚመላለስ ኃይል እዚያው የሚቀበልና የሚሰጥ ካፓሲተር አስገጠምኩ። ሁሉም ማሽን ተነሥቶ ሳለ መለኪያው ከስልሳ አንድ ወደ አርባ ወረደ። መጋዙ ድምፁን እንኳ አልቀየረም።

ባለቤቱ «ጎበዝ ነሽ» አለኝ። ሠራተኞቹ ቆመው ነበር፤ እንዲሰሙም ፈልጌ ነበር።

«ያወቀው አባቴ ነው» አልኩት። «እዚህ ሳጥን ፊት ቆሞ ነግሮን ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።»

ባለቤቱ መሬት መሬቱን አየ። «ቀስ በሉ» ግን «እኛማ እናውቅ ነበር፣ አንቺ እስክታውቂ ነው የጠበቅነው» አሉ።

ይቅር በለኝ፣ አባዬ። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ፊት ለፊትም እለዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ሞተሮቹ ሁሉ ቆመው ካፓሲተሩን ሳላጠፋው ብረሳ ምን ይሆናል? መጽሐፉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ገጹንም አውቀዋለሁ። አልገለጥኩትም። ካንተ አፍ ልስማው።

ልጅህ