ሁለተኛው ብልቃጥ

ማርች 4
የዶሮዎቹን በር ጠገንኩ። ከሰዓት ፖስታ መጣ። ባለፈው ወር ከክንዴ የቆረጧትን ጥቁር ነጥብ ለመረመረው ላብራቶሪ ክፈል ይላል። የምርመራው ኮድ 88305። ከሥሩ ደግሞ ያው 88305። አንድ ቆርጠው ሁለት ሊያስከፍሉ? እኔ ቨርሊን ስታምፐር ዓይኔ ደክሞ ማንበብ ቢቸግረኝ መቁጠር አይቸግረኝም።

ማርች 6
ከቆረጠኝ ክሊኒክም ደብዳቤ። ሁለተኛው መሆኑ ነው። ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። እነሱም ሊበሉኝ ነው።

ማርች 11
ላብራቶሪው ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ... ከዚያ ታሚ የምትባል ልጅ።
«አባባ፣ ኮዱ የሚቆጠረው ቁራጩ በመጣበት ብልቃጥ ነው። ሁለት ብልቃጥ መጥቶልናል።»
«አንዱ የሌላ ሰው ነዋ!»
«ስምዎ አለበት። ‹ከጀርባ› ይላል።»
«ጀርባዬ ላይ ምንም የለም!»
«አይተውታል?»
ዘጋሁባት። ጀርባውን ማን ያያል? የኔን ባለቤቴ ኦሊታ ነበረች የምታየው። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት...
ሐኪሙ ጀርባዬን ወግቶኝ ነበር፣ እውነት ነው። ለክንዴ ማደንዘዣ መስሎኝ... የሚለውንም አልሰማሁ፣ የጆሮዬን መሣሪያ አውልቄ ነበር።

ማርች 12
ምስክር ያስፈልጋል። በአጥር ተጣልተን ሁለት ዓመት ያኮረፍኩትን ጎረቤቴን ሎይድን ጠራሁ። በረንዳ ላይ ሸሚዜን ገለብኩለት።
«ምንም የለም በል።»
«ፕላስተር አለ። ከኔ ጫማ የባሰ ቆሽሿል።»
«ንቀለው!»
ነቀለው። ጩኸቴን ሰምተው ዶሮዎቹ ተበተኑ።
«ጠባሳ አለ፣ አንተ ግትር። ከክንድህ ጋር ሁለት። በሒሳብም ተሸነፍክ!»
ሰሞኑን ጀርባዬን ያሳከከኝ እሱ ነው ለካ። እኔ ደግሞ ትኋን መስሎኝ ፍራሹን አውጥቼ ስደበድብ ከረምኩ።

ማርች 13
እውነት እውነት ነው። ለታሚ ደውዬ «ሁለት ናቸው፣ እከፍላለሁ» አልኳት።
«ውጤቱንስ ነገሩዎት?»
«የምን ውጤት?»
«እኔ መናገር አልችልም፣ አባባ። ከክሊኒኩ ደብዳቤ አልመጣም?»
መሳቢያው... ደብዳቤዎቹ ሦስት ሆነዋል። ሎይድ አነበበልኝ። የክንዴ ደህና ነው። የጀርባዬ ክፉ ነው፣ ሳይሰራጭ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥ፣ ቶሎ ይምጣ ይላል። ሎይድ ደብዳቤውን አጥፎ ተነሳ።
«መኪና ላስነሳ» አለ።

ማርች 19
ቆረጡኝ። አሥራ አራት ስፌት። ቁስሉን ሎይድ ይጠርግልኛል። እጁ እንደ ሞረድ ነው።

ኤፕሪል 2
የተቆረጠው ሥጋ ዳር ዳሩ ንጹህ ነው፣ ሁሉም ወጥቷል አሉኝ። ተመስገን። የላብራቶሪው ሂሳብም መጣ። 88305፣ አንዴ ብቻ። ለታሚ ደወልኩ።
«ደግሞ ምን አጠፋን፣ አባባ?»
«ምንም። ልክ ነው ልልሽ ነው።»
ሳቋን መግታት አቃታት። እንዲህ ብሎ የደወለ ሰው የለም አለችኝ።
ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ሎይድ የኔን ጀርባ ያያል፣ እኔ የሱን። አጥሩ ግን አሁንም አራት ጣት ወደኔ ገብቷል።