ከዘጠኙ አንዱን ሰርዢ

ልጄ ትሩፋት፣ መንገድሽን እመቤቴ ታቅናልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉን እስኪሰብር አፍርቷል። የምትማሪበት ናይሮቢ ይበርዳል አሉ፤ ሹራብሽን አትርሺ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርሺ ልታመለክቺባቸው ያሰብሻቸውን ዘጠኝ ኮሌጆች ጎረቤታችን መምህር ሀብቱ አነበበልን። አባትሽ፣ «ዘጠኝ! እኛን ከወሎ አምጥተው ሲያሰፍሩን አንድም ቦታ አላስመረጡንም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዝርዝሩን ደረት ኪሱ ከቶ ገበያ ወጣ፤ ላገኘው ሁሉ ሲያሳይ ዋለ።

ወደ ሦስት ዝቅ አድርጉልኝ ብለሻል። እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን፣ እዚህ ቅርባችን ያለውን የአሶሳውን። ስለ ጉልበቴ ብለሽ እንደጻፍሽው ገብቶኛል። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴ ደግሞ አስፈራኝ። ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። ሰርዢው፣ ልጄ። መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለእኔ ብለሽ ስለመረጥሽው ነው። ከቀሩት ስምንቱ ሦስቱን ራስሽ ምረጪ።

ስማቸውን ግን ቀስ ብለሽ በድምፅ ላኪልኝ። ሰው ሲጠይቀኝ አስተካክዬ ልጥራቸው። የምትሄጂበት አገር እንደ ወለደሽ ይቀበልሽ።

እናትሽ ሰገነት